ቁምሳጥን ፎቅ ልናወጣ ነው፣ ሴትና ወንድ አብሮ ቢሸከም ምን ችግር አለው? (ደሴ)

የጦሳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲመክረኝ ነው። ቅዳሜ ቤት ልንቀይር ነው፣ ከአዝዋ ገደል ወደ ቧንቧ ውሃ ሰፈር። አዲሱ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃው መሃል ላይ ይታጠፋል፣ መኪናም እስከ በሩ አይደርስም፣ ኮብልስቶኑ ያለቀበት ይቆምና ከዛ በላይ ያለችው ዳገት በእጅ ናት። የደሴን ቅያስ ለሚያውቅ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። እቃችን ብዙ አይደለም፣ አልጋ፣ ፍሪጅ፣ ሶፋ፣ አንድ ቡፌ፣ እኔን ያስጨነቀኝ የእናቴ ቁምሳጥን ነው። ባለሶስት በር፣ መሃሉ መስታወት፣ ዋንዛ፣ እናቴ ስታገባ ያሰራችው። ሽጪውና በሱ ብር ቀለል ያለ ዘመናዊ ግዢ የማይለኝ ሰው የለም፣ አልሸጥም በቃ፣ እሱን አትምከሩኝ።

ያለነው ሰዎች ባለቤቴ፣ ወንድሙ፣ እኔ፣ እህቴና ጎረቤታችን ነን (ጎረቤቴ ደሞ ከእኔ እጥፍ ትጠነክራለች ወላሂ)። ባለቤቴ ስራው ኮምቦልቻ ስለሆነ ከቅዳሜ ሌላ ቀን የለውም። ጫኝና አውራጆቹን ጠይቀን የጠሩልን ዋጋ የወር ኪራያችን ግማሽ ነው፣ ያውም ፎቅ ከሆነ ይጨመራል ተብሎ፣ እሺ እንግዲያው ራሳችን እናወጣዋለን ስንል ፊታቸው ተቀየረ፣ እሱን ሌላ ቀን አወራችኋለሁ። እና እኔ አምስታችን እንጋገዝ አልኩ። የባሌ ወንድም ሳቀብኝ። «እናንተ ቡናውን አፍሉ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» አለ። ባለፈውም እንዲሁ ተብሎ እኛ ቡና ስናፈላ ሁለቱ ብቻቸውን ቡፌውን ሲያወርዱ እግሩ ተሰበረ፣ የቡፌው እግር ማለቴ ነው ሃሃሃ፣ እስካሁን በጡብ ተደግፎ ነው ያለው።

እኛ ሴቶቹም ጎበዞች ነን እያልኩ አይደለም ደሞ። ከጎረቤቴ ጋር አንድ ቀን አልጋ ስናነሳ እኔ ሙስሊም እሷ ክርስቲያን፣ እኔ «ቢስሚላህ» ብዬ አነሳሁ፣ እሷ ገና «በስመ አብ ወወልድ» ላይ ናት፣ መንፈስ ቅዱስ ጋ ሳትደርስ የኔ ጫፍ ወገቤ ደርሷል የሷ መሬት ላይ ነው፣ አልጋው ተንሸራቶ መጥቶ አውራ ጣቴ ላይ አረፈ። ጥፍሬ ጠቁሮ ሁለት ወር ቆየ። እስካሁን ጥፋቱ የማን ነው እየተባባልን እንስቃለን።

እና የምጠይቀው፣ ቁመቱም ጉልበቱም የማይመጣጠን ሰው አብሮ ሲሸከም ማን የት ጋ ነው የሚይዘው? ደረጃ ላይስ ሴት ከላይ ትሁን ከታች? ወይስ እውነቱን ነው ልጁ፣ ቡናዬን ላፍላ?

ኮምቦልቻ_ነኝ፦
እህቴ አትቀየሚኝና ተይው። ሴት ልጅ ቁምሳጥን ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ጎረቤት ምን ይላል፣ የምታሰድቢው ባልሽን ነው። ወንድ ጠፍቶ ነው እንዴ ደሴ ላይ? ከሰፈር ሁለት ጎረምሳ ጠርታችሁ ጥሩ ምሳ አብሏቸው፣ አለቀ። እኛ ጋ በቅሬ (በእድሩ) እንኳን ድንኳን የሚተክለው ወንዱ ነው፣ ሴቶቹ ማጀቱን ይይዛሉ፣ ሁሉም የየራሱ ስራ አለው። ሰለጠንን ብላችሁ ወገባችሁን አትቀጩ። የልጁን ሳቅ ደሞ በክፉ አትይበት፣ አዝኖልሽ ነው።

የኩታበሯ፦
ወይ ጉድ። ወንድሜ ኮምቦልቻ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ ያደግሁት ኩታበር ገጠሩ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ከምንጭ በ25 ሊትር ጀሪካን ውሃ እቀዳ ነበር። ውሃ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው አይደል፣ 25 ኪሎ ከነገመዱ ጀርባዬ ላይ ሆኖ ዳገቱን ስወጣ ጎረቤት ምን ይላል ያለኝ የለም፣ ጎረቤትማ ያይ ነበር፣ «ጎበዝ ልጅ» ነበር የሚለኝ። አሁንም ማለዳ ተነስተህ መንገዱን እይ፣ ማገዶ ተሸክመው ደሴ የሚገቡት እነማን ናቸው፣ ጎንበስ ስላሉ ፊታቸው አይታይህም እንጂ ሴቶች ናቸው እኮ። ሸክሙ ቁምሳጥን ሲሆን ነው ሴትነታችን ትዝ የሚላችሁ?

የቅሬውን ነገር ካነሳህ ደሞ ድንኳኑን ተከላችሁ እሽ፣ ጎላውን ማን ነው የሚያነሳው? ለመቶ ሰው የሚሆን ወጥ የያዘ ብረት ጎላ፣ እየፈላ፣ ከጉልቻ ላይ የምናወርደው እኛ ነን፣ ሁለት ሆነን፣ አንዳንዴ አንዷ ቀጭን አንዷ ወፍራም፣ አንዷ ልጅ አንዷ እናት። እስካሁን የተቃጠለ ሰው አላየሁም። ለምን መሰለህ፣ እሱን ስናወርድ ወሬ ይቆማል። ጨርቁን በጆሮው ላይ እንጠቀልላለን፣ የት እንደምናስቀምጠው ቀድመን እናያለን፣ እዛ ቦታ ላይ የቆመ ልጅ ካለ ይባረራል፣ ከዛ ዓይን ለዓይን ተያይተን ታላቋ «በይ» ስትል ብቻ ነው የሚነሳው። ታናሿ ሃሳብ የላትም፣ ቢከብዳት እንኳን «አስቀምጭኝ» ትላለች እንጅ ዝም ብላ አትለቅም። እኔ ፎቅ ቤት ገብቼ ሶፋ ስናዛውር የተጠቀምኩት ይሄንኑ ነው ሌላ ጥበብ የለውም።

የጦሳዋ እታለም፣ አንችም ከጎረቤትሽ ጋር ቢስሚላሁንም በስመአቡንም መሬት ላይ ጨርሱት፣ አላህም ይሰማል እግዜሩም ይሰማል፣ ከዛ በኋላ ነው ማንሳት ሃሃሃ። ደሞ መጫኛ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከስር አሳልፋችሁ በትከሻ ስትይዙት ጣት አይዝልም። እጅ ከወገብ በፊት ነው የሚደክመው።

አናጢው፦
እንጨት ስራ ላይ ነው ያደግኩት፣ የሰራሁትን እቃ ፎቅ ድረስ ማድረስም የኔ ስራ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም ፍቀዱልኝ።

ስለ ክብደቱ መጀመሪያ። ሰው ሁሉ የድሮው ከባድ ዘመናዊው ቀላል ይመስለዋል፣ ግልባጩ ነው። 18 ሚሊ የሆነ አንድ ሙሉ ኤምዲኤፍ (ዘመናዊው የሚሰራበት የተጨመቀ ሰሌዳ)፣ ያው 1 ሜትር ከ22 በ2 ሜትር ከ44 ነው፣ ብቻውን ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል፣ ባለሶስት በር ቁምሳጥን ደሞ ሶስት አራቱን ይበላል፣ በይ ደምሪው። ደረቅ ዋንዛ በዛው ውፍረት ከሱ በደንብ ይቀላል፣ ድሮም አናጢ የወደደው ለዚህ ነው፣ ይቀላል፣ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ እንደ ባህር ዛፍ አይጣመምም። ሽጪው ያሉሽን አለመስማትሽ ጥሩ ነው፣ በሱ ብር የምትገዢው ቺፕውድ አንዴ ከተፈታ ቪቴው ድጋሚ አይነክስም።

አሁን ስሪ። ሶስቱንም በር አውልቂ፣ መሳቢያዎቹን አውጪ፣ የልብስ ማንጠልጠያ ብረቱንም። ቪቴዎቹን በፌስታል አድርገሽ እዛው በሩ ላይ እሰሪው፣ ኪስ ውስጥ አትክተቺ። የትኛው በር የት እንደነበረ ከውስጥ በኩል በጠመኔ ጻፊበት፣ የድሮ በር አንዱ በሌላው ቦታ አይገጥምም። መስታወት ያለውን በር በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ ቀጥ አድርገሽ አቁመሽ ነው የምትወስጂው፣ አግድም አስተኝተሽ ከያዝሽው መሃሉ ይሰነጠቃል። ከኋላ ያለውን ኮምፔንሳቶ ግን አትንኪው፣ ቁምሳጥኑን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው፣ ከተነሳ ሬሳው ይወላገዳል። (ሬሳ የምንለው ባዶውን አካሉን ነው፣ አትደንግጡ።)

ከዛ ሜትር ይዘሽ አዲሱ ቤት ሂጂና ደረጃው መታጠፊያ ላይ ያለውን ከፍታ ለኪ። ብዙ ሰው በሩን ብቻ ይለካና እዛ ጋ ይቀራል። ቁመቱ 2 ሜትር ከ10፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ50፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲም ነው እንበል። በጎኑ አስተኝታችሁ ከመጣችሁና መታጠፊያው ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ልታቆሙት ካሰባችሁ 2 ሜትር ከ58 ከፍታ ይፈልጋል። በጀርባው ከተኛ ግን 2 ሜትር ከ19 ይበቃዋል። ፓይታጎረስን የተማርነው ለዚህ ነበር፣ አስተማሪያችን አልነገሩንም እንጂ። ስለዚህ ደረጃውን በጎኑ ይወጣል፣ መታጠፊያው ላይ ኮርኒሱ ካልበቃ እዛው መሬት ላይ ወደ ጀርባው ትገለብጡትና ከዛ ነው የምታቆሙት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ደረጃ ላይ ክብደቱ ከታች ያለው ሰው ላይ ነው የሚወርደው። ረጅሙና ጠንካራው ከታች፣ አጭሩ ከላይ። ረጅም ሰው ከላይ ከሆነ ጎንበስ ብሎ የኋሊት ይሄዳል፣ እቃውም ይበልጥ ያጋድልና ሸክሙን በሙሉ ታች ላለው ይሰጠዋል። ወንድ ሴት የሚባለው ነገር እዚህ ጋ ትርጉም የለውም፣ ጎረቤትሽ ከባልሽ ወንድም ረዘም የምትል ከሆነ እሷ ትውረድ። ሁለት ከታች፣ ሁለት ከላይ፣ አምስተኛው ሰው እጁን ኪሱ ከቶ ይሂድ። ወላሂ። እጁን ኪሱ ከቶ መንገድ የሚያይና የሚያዝ ሰው ከሁለት ተሸካሚ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ከታች ያሉት ቁምሳጥኑ ጋርዷቸው አያዩም፣ ከላይ ያሉት የኋሊት ነው የሚሄዱት። እሱ ብቻ ይናገር።

«አንድ ሁለት ሶስት» የሚባለውንም ተዉት፣ ግማሹ ሶስት ሲባል ያነሳል ግማሹ ከሶስት በኋላ። «አንሱ» በሉ፣ በቃ። «አስቀምጡ» ሲባል ደሞ ቀስ ብሎ፣ ጣት ከስር ይወጣና።

አሮጌ ጆንያ ያዙ። ቤት ውስጥ ሊሾ ወይ ሴራሚክ ላይ ስትደርሱ አትሸከሙት፣ ጆንያው ላይ አድርጋችሁ ጎትቱት፣ አንድ ልጅ ይበቃዋል።

ሲስተር_ደሴ፦
ነርስ ነኝ። ብዙ አልጽፍም፣ አናጢው ጨርሶታል፣ ግን ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ከአምስታችሁ መሃል እርጉዝ ወይም በቅርብ የወለደች አለች? ካለች ያቺ ናት እጇን ኪሷ የምትከተው፣ ድርድር የለውም። ከወሊድ በኋላ ማህፀንን የሚደግፉት ጡንቻዎች ገና ላልተው እያለ ከባድ ሲነሳ ማህፀን ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፣ ገጠር ላይ ስንት እናት ደብቃው ትኖራለች፣ የኩታበሯ ያለችው ጀሪካንና ማገዶ ከአራስ ቤት በወጡ ማግስት ሲሆን አንዱ ምክንያት ነው። እናቶቻችን አርባ ቀን አትነሺ የሚሉት ነገር እውነት አለው።

ወንዶቹም ግን። ብሽሽቱ ላይ ሲያስለው የሚያብጥ፣ ሲተኛ የሚመለስ ነገር ያለው ወንድ ሄርኒያ ሊሆን ይችላል፣ አፍሮ ዝም ብሎ ፍሪጅ ተሸክሞ ድንገተኛ ክፍል የመጣ አይቻለሁ። ባለቤትሽንና ወንድሙን በግልጽ ጠይቂ። «ወንድ ስለሆነ ይችላል» ማለት ህክምና አይደለም።

ስታነሱ ከጉልበት ነው ጎንበስ የሚባለው፣ እቃው ደረት ጋ ይጠጋ፣ ትንፋሽ አትያዙ፣ ስታነሱ አውጡት። መዞር ሲያስፈልግ እግር ይዞራል እንጂ ወገብ አይጠመዘዝም። ሸበጥ አይሆንም፣ ጫማ አድርጉ። ቀሚስ ሰብሰብ ይደረግ፣ ወንዶቹም ሽርጥ አገልድማችሁ ደረጃ እንዳትወጡ ሃሃ። ቀለበት ይውለቅ። ከዛ በኋላ ወገብ ማመም የተለመደ ነው፣ ግን እግር ከደነዘዘ ወይ ሽንት ካስቸገረ በማግስቱ አይባልም፣ በዛው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ባለቤትሽ ደሞ ሳምንቱን ኮምቦልቻ የሚውል ከሆነ ደሴ ዳገት ላይ ቶሎ ቢያለከልክ አትሳቁበት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ናት ደሴ 2500 አካባቢ። እረፍት ስጡት።

ኮምቦልቻ_ነኝ፦
ጎላና ቁምሳጥን አንድ አይደለም። ግን ሲስተር ስለ ሄርኒያ ያልሽው ልክ ነው፣ አጎቴ እንደዛ ሆኖ ነው ኦፕራሲዮን የተደረገው። የቁመቱን ነገርም አላሰብኩትም ነበር። አሁንም ግን ሁለት ጎረምሳ ጥሩ ነው የምለው።

የኩታበሯ፦
ጎረምሳዎቹን ላክልና፣ ኮምቦልቻ ቅርብ ናት።

የጦሳዋ፦
ይኸው ገባን! ትናንት በድካም አልቆልኝ ነበር፣ ዛሬ ነው ስልክ የያዝኩት። ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ፣ ጋሼ አናጢው እርስዎን በተለይ።

ሐሙስ ሄጄ ለካሁ። ቁምሳጥኑ ቁመቱ 2 ሜትር ከ5፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ48፣ መታጠፊያው ላይ ያለው ከፍታ 2 ሜትር ከ40። ማለትም በጎኑ እንደመጣ ለማቆም ብንታገል ኖሮ ኮርኒሱን በስተን ነበር የምንወጣው። ይሄን ወረቀት ላይ ስዬ ለባሌ ወንድም ሳሳየው ብዙ ቆይቶ አየውና «ማን ነው የነገረሽ» አለ። በሮቹን አርብ ማታ እኔና እህቴ ነን የፈታነው፣ ካቻቪቴ ስላልነበረን በቢላዋ ጀምረን ኋላ ከጎረቤት ተዋስን። ከመሃለኛው መሳቢያ ጀርባ የእናቴ የመርፌ ክርና አንድ አስር ሳንቲም ተገኘ፣ ስንት ዓመት እዛ እንደኖረ እንጃ።

ቁመት ለካን ደሞ፣ ግድግዳ ላይ ተደግፈን እንደ ልጅ። ጎረቤቴ ከባሌ ወንድም በሁለት ጣት ትበልጣለች። ከዛ በኋላ ያለውን ዝምታ አልነግራችሁም። ባሌና እሷ ከታች፣ እኔና ልጁ ከላይ፣ እህቴ ሶስተኛ ወሯ ስለሆነ (ሲስተር ባትጠይቂ ኖሮ አትነግረንም ነበር፣ እንዲህ ነው የሰማነው፣ እልል አልን) እሷ አዛዥ ሆነች። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ልጁ ለምዶበት «ቆይ ቆይ ወደ ግራ» ሲል እህቴ «አንተ አይደለህም የምትናገረው!» ብላ ስትጮህበት ከላይ ያሉት ተከራዮች በር ከፍተው ወጡ። ከዛ በኋላ ዝም አለ። ከምሬ ነው፣ እስከ ላይ ከሷ ድምፅ ሌላ የሰማሁት የባሌን ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ሲስተር እንዳልሽው አራት ጊዜ አሳረፍነው። መታጠፊያው ላይ ጆንያ አንጥፈን በጀርባው ገለበጥነው፣ ቆመ፣ ኮርኒሱን አልነካም። ግድግዳውን ግን ነካ፣ አንድ ክንድ የሚያህል ቀለም ተላጠ። አከራያችን ሀጂ መጥተው መጀመሪያ ሶስታችን ሴቶች ላብ በላብ ሆነን ሲያዩን «ማሻአላህ ማሻአላህ» አሉ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን አዩና ማሻአላሁ ቆመ። ቀለሙን እኛ እንቀባለን።

ቢስሚላህና በስመአብ መሬት ላይ አልቋል፣ የኩታበሯ እናመሰግናለን ሃሃሃ።

አንድ ጥፋት አለ ግን። እኔ ሞኟ እቃ መቆጠቢያ ብዬ ጀበናዬን በፎጣ ጠቅልዬ ቁምሳጥኑ ስር ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ከትቻት ነበር፣ መሳቢያ አይደለችም ብዬ። በጀርባው ስንገለብጠው «ቀጭ» ሲል ሰምቼ ልቤ አወቀው። ሁሉም አልቆ ልጁ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ «በሉ አሁንስ ቡናውን አፍሉ» ሲል አንገቷን ይዤ አሳየሁት።

ጋሼ አናጢው፣ ፍሪጁን በመኪና ስናመጣ ጥቂት አስተኝተነው ነበር፣ እስካሁን አልሰካሁትም፣ ልሰካው?

አናጢው፦
ፍሪጅ የኔ ሙያ አይደለም፣ ግን ሲተኛ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይሄዳል፣ ለዛ ነው ቆሞ ይቆይ የሚባለው። ከትናንት ጀምሮ ቆሞ ካደረ በቂ ነው ስኪው። ለእህትሽ እንኳን ደስ ያላችሁ። በሮቹን ስትገጥሚ መጀመሪያ የላይኛውን ማጠፊያ፣ ከስር ካርቶን አድርገሽ ደግፈሽ። ደሞ ያ በጡብ የተደገፈው ቡፌ፣ የተሰበረው እግር አልተጣለም አይደል? ካለ ይዘሽልኝ ነይ፣ አዲስ ከመቅረጽ እሱን በኮላ መመለስ ይሻላል፣ ቀለሙም አንድ ይሆናል።